ልብ በማን ትእዛዝ ይመታል?

በቋንቋችን ልብ የአሳብ ማደሪያ ነው። «ልብ አድርግ» ማለት አስተውል ማለት ሲሆን፣ ማስተዋል የጐደለውንም ሰው ልበ ቢስ እንለዋለን። በዚህ አነጋገር ያደገ ሰው የልብ ምት ከአሳብ፣ ወይም ዛሬ እንደምንለው ከአንጐል፣ የሚመነጭ ቢመስለው አያስደንቅም። ነገር ግን የእንቁራሪት ልብ ከአካሏ ወጥቶ፣ መጠኑ በታወቀ የጨው ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ከአንጐል ጋር አንዳችም ግንኙነት ሳይኖረው ለረዥም ጊዜ ሲመታ ይታያል። እንግዲህ ትእዛዙ የሚመጣው ከየት ነው?

የሚመጣው ከልቡ ከራሱ ነው። ከላይኛው የሰውነት ክፍል ደም የሚመልሰው ትልቅ ሥር ወደ ልብ በሚገባበት ቦታ፣ በቀኙ የላይኛው ክፍል ግድግዳ ውስጥ፣ ርዝመቱ ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር የሚሆን የተለየ የሴሎች ስብስብ አለ። ሳይኖኤትሪያል ኖድ ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍ «የምት መሪ» እንለዋለን። መጀመሪያ ያየው ማርቲን ፍላክ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ ያን ጊዜ እንደ እኛ ገና ተማሪ ነበር። በ1906 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የአናቶሚ ሊቅ የሆነው አርተር ኪዝ ከባለቤቱ ጋር በብስክሌት ሲንሸራሸር ቈይቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ፍላክ የፍልፈል ልብ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ያገኘውን እንግዳ ነገር አሳየው። ግኝታቸውም በ1907 ዓ.ም. ታተመ።

የእነዚህ ሴሎች ልዩ ጠባይ ዕረፍት የማያውቁ መሆናቸው ነው። ሌላው የልብ ጡንቻ ቀስቃሽ እስኪመጣለት ድረስ ዐርፎ ይጠብቃል። የምት መሪው ሴል ግን አይጠብቅም። አንዱ ምት ሲፈጸም የሴሉ ውስጥ ከውጭው ይልቅ ወደ 60 ሚሊቮልት ያህል ኔጋቲቭ ይሆናል። ወዲያውም በሴሉ ሽፋን ላይ ባሉ ጥቃቅን በሮች ሶዲየም ወደ ውስጥ መግባት ይጀምራል፤ ልዩነቱም ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ወደ 40 ሚሊቮልት ገደማ ሲደርስ የካልሲየም በሮች ይከፈቱና ካልሲየም ሲገባ ሴሉ ይነሣሣል፤ ምት የምንለው ከዚህ ይጀምራል። ቀጥሎ ፖታሲየም ሲወጣ ሴሉ ወደ ቀድሞው ሁኔታ ይመለሳል፤ ጉዞውም እንደ ገና «ሀ» ይላል።

ከላይ የተጠቀሰው የሶዲየም በር ሊቃውንቱን ሳይቀር አስገርሟል። በነርቭና በጡንቻ የታወቁት በሮች የሚከፈቱት የኤሌክትሪኩ ልዩነት ሲቀንስ ነው፤ ይህ ግን የሚከፈተው ሲበዛ ነው። ብራውን፣ ዲፍራንቸስኮና ኖብል በ1979 ዓ.ም. በጥንቸል ልብ ላይ ይህን ከገለጹ በኋላ፣ በበሩ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በፊዚዮሎጂ መጻሕፍት «አስቂኙ» እየተባለ ይጠራል። ዋናው ሰዓት ይህ በር ነው፣ አይደለም በሴሉ ውስጥ ከተከማቸበት የሚለቀቀው ካልሲየም ነው በሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። እኔ ግን ሁለቱ እየተጋገዙ ይሠራሉ የሚለው አሳብ ይበልጥ ያሳምነኛል፤ አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሲደክም የሚተካው አይኖርም ነበርና።

ከመሪው የተነሣው ምት እንዴት እንደሚዛመት ለመረዳት በደቦ የሚያጭዱ ሰዎችን እናስብ። አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አውራጅ የሚሆነው ቀድሞ የሚጀምረው ነው። ምቱ የላይኞቹን ክፍሎች ካዳረሰ በኋላ፣ ጃፓናዊው ሱናኦ ታዋራ በ1906 ዓ.ም. በገለጸው መካከለኛ ጣቢያ 0.1 ሰኮንድ ያህል ይዘገያል፤ በዚህች ጥቂት ጊዜ የታችኞቹ ክፍሎች በደም ይሞላሉ። አውራጁ ዝም ቢል መካከለኛው ጣቢያ ራሱ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ያወርዳል፤ እርሱም ቢጠፋ የታችኞቹ ክፍሎች ከ20 እስከ 40 በሚሆን አዝጋሚ ምት ይቀጥላሉ። በዚህ ምት ሕይወት ላትቋረጥ ትችላለች፤ ነገር ግን አንጐል በቂ ደም ስለማያገኝ ሰውየው ድንገት ይወድቃል።

ታዲያ የነርቭ ሥራ ምንድር ነው? ምቱን መፍጠር ሳይሆን መግራት ነው። የምት መሪው ለብቻው ቢተው በወጣት ሰው በደቂቃ 100 ጊዜ ያህል ይመታል። ዐርፈን በተቀመጥን ጊዜ 70 ገደማ የሚሆነው ቫገስ የሚባለው ነርቭ ልጓሙን ስለሚይዘው ነው። ከሌላ ሰው የተዛወረ ልብ ነርቩ የተቈረጠ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ ቢያርፍም እንኳ ምቱ ፈጣን ነው። ይህን ልጓም አንባቢ በራሱ እጅ ሊዳስሰው ይችላል፤ ጣቱን በእጁ አንጓ ላይ አድርጎ በዝግታና በጥልቀት ቢተነፍስ፣ አየር ሲያስገባ ምቱ ሲፈጥን፣ ሲያስወጣ ሲዘገይ ያገኘዋል።

ልጓሙ የሚሳበው በኬሚካል ነው። ኦቶ ሎዊ በ1921 ዓ.ም. የአንዲት እንቁራሪት ልብ በቫገስ አማካይነት እንዲዘገይ ካደረገ በኋላ፣ ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ወደ ሌላ ልብ ቢያዛውረው ነርቩ ያልተነካው ሁለተኛው ልብም ዘገየ። ንጥረ ነገሩ አሴቲልኮሊን መሆኑ በኋላ ታወቀ። የዚህ ተቃራኒ የሆነው አትሮፒን በአገራችን በየመንገዱ ዳር በሚበቅለው በአስተናግር ውስጥ ይገኛል፤ በዚህ ተክል የተመረዘ ሰው ልቡ የሚጋልበው መርዙ ልብን ገርፎት ሳይሆን ልጓሙን ስለ በጠሰበት ነው። ስንሮጥ ወይም ስንደነግጥ ደግሞ ሌሎች ነርቮችና አድሬናሊን ያን «አስቂኝ» በር ይበልጥ ስለሚከፍቱት ምቱ ይፈጥናል።

መሪው በእርጅና ሲደክም ወይም መንገዱ ሲዘጋ ዛሬ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ይተካል። የመጀመሪያው በሰው አካል ውስጥ የተቀበረው በስቶክሆልም በጥቅምት 8 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው። ታማሚው አርኔ ላርሶን መካከለኛው መንገድ ተዘግቶበት በየዕለቱ ይወድቅ የነበረ የ43 ዓመት ሰው ነበር። ሩነ ኤልምክቪስት የሠራውን መሣሪያ ሐኪሙ ኦከ ሴኒንግ ቢተክልለትም ከጥቂት ሰዓቶች በላይ አላገለገለም፤ በሌላ ተተካ፣ ያም እንደ ገና ተተካ። ላርሶን በሕይወቱ ከ20 በላይ መሣሪያዎች ተቀያየሩለት። የሞተው በ2001 ዓ.ም. በ86 ዓመቱ ሲሆን፣ መሣሪያውን ከሠራውም ከተከለውም ሰው በኋላ ነው።