የመኪና በር ድምፅ፤ ጆሮ የሚመሰክረውና የማይመሰክረው

ማሰሮ ወይም እንስራ የምትገዛ እናት በገበያ መካከል ዕቃውን አንሥታ ግራና ቀኙን ካየች በኋላ በጣቷ አንጓ መታ መታ ታደርገዋለች። ድምፁ ጥርት ብሎ ከወጣ ደኅና ነው ብላ ዋጋ ትነጋገራለች፤ የታፈነና የተሰነጠቀ ድምፅ ከሰማች ግን ዐይን ያላየው ጉድለት በውስጡ እንዳለ ዐውቃ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ይህ ከጥንት የመጣ ብልኀት ነው፤ የሸክላው ድምፅና የሸክላው ጤንነት ከአንድ ምንጭ የሚወጡ ስለ ሆኑ አንዱ ስለ ሌላው በእውነት ይመሰክራል።

መኪና የሚገዛ ሰውም እንዲሁ ያደርጋል። በሩን ይከፍታል፥ መልሶ ይዘጋል፥ ያዳምጣል። በሩ «ድም» ብሎ በአንድ ጊዜ ከተዘጋ «ይህስ ጠንካራ ነው» ይላል፤ እንደ ባዶ ጣሳ ከተንኳኳ ግን «ምን መኪና ነው፥ ቆርቆሮ ነው እንጂ» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ሞተሩን ገና ሳያስነሣ፥ ፍሬኑንም ሳይሞክር ፍርዱን ግማሽ በግማሽ ሰጠ ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው፥ የመኪና በር ድምፅ እንደ ማሰሮው ድምፅ የታመነ ምስክር ነውን? የሚለውን ነው። ጥያቄው ለጨዋታ ብቻ የተነሣ አይደለም። መኪና ለብዙ ቤተ ሰብ ከቤት ቀጥሎ ትልቁ ግዢ ነው፤ ይልቁንም ልጆቻችንን አሳፍረን የምንሄድበት ስለ ሆነ በምን ሚዛን መዝነን እንደምንገዛው ማወቅ ይገባናል።

ድምፁ ከምን ይወለዳል?

የመኪና በር ሲዘጋ አንድ ድምፅ ብቻ የሰማን ይመስለናል። በእውነቱ ግን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ብዙ ድምፆች ተከታትለው ይወለዳሉ። የመጀመሪያው የበሩ ቁልፍ ነው። በመኪናው ገላ ላይ ቀለበት የመሰለ ብረት ተተክሏል፤ በበሩ ጠርዝ ውስጥ ደግሞ እንደ መንጠቆ ሆኖ የተሠራ ተሽከርካሪ ብረት አለ። በሩ ሲገፋ መንጠቆው ቀለበቱን ጎርሶ ይዞራል፤ ወዲያውም ሌላ ትንሽ ብረት ወድቆ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያግደዋል። ብረት ብረትን ሲመታ ቀጭንና ስለታም ድምፅ ስለሚያወጣ፥ ሠሪዎቹ መንጠቆውን በፕላስቲክ እየሸፈኑ ምቱን ያለዝቡታል።

ሁለተኛው የበሩ ላሜራ ነው። የውጭው ላሜራ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ስስ ብረት ሲመታ እንደ ከበሮ ቆዳ ይርገበገባል። ይህን ለማስቀረት ከውስጥ በኩል ሬንጅነት ያለው ወፍራም ንጣፍ ይለጠፍበታል፤ ንጣፉም የብረቱን መርገብገብ ወደ ጥቂት ሙቀት እየለወጠ ቶሎ ዝም ያሰኘዋል። ነገሩን በቤት ለማየት የሚወድ ሰው የብረት ትሪ መትቶ እየጮኸ ሳለ መዳፉን ቢያሳርፍበት፥ ድምፁ ወዲያው እንደሚሞት ይረዳል።

ሦስተኛው በበሩ ዙሪያ የሚዞረው ጎማ ነው። ይህ ጎማ ውስጡ ክፍት ሆኖ ስለሚሠራ በሩን እንደ ትራስ ይቀበለዋል፤ ነፋስን፥ አቧራንና ዝናብንም ይከለክላል። ከዚህ ጋር አየርም የራሱ ድርሻ አለው። መስኮቶች ሁሉ ተዘግተው ሳለ በሩ ሲዘጋ በውስጥ ያለው አየር ይጨመቃል፤ መውጫ ካጣም በሩን መልሶ ይገፋዋል። በአገራችን «ቮልስ» እየተባለች የምትጠራውና እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ሆና የተሠራችው ትንሿ ቮልስዋገን በዚህ ነገር ስመ ጥር ነበረች፤ መስኮቷ ጥቂት ዝቅ ካላለ በሯ አልዘጋ ይል ነበር። በዛሬዎቹ መኪናዎች ይህ አየር እንዲወጣ ክዳን ያላቸው ቀዳዳዎች ከኋላ በኩል ይሠራሉ።

ጆሮ ለምን ያምናል?

ጆሯችን ያለ ምክንያት አይፈርድም፤ ከሕፃንነት ጀምሮ የተማረው ትምህርት አለው። ከባድ ግንድ ሲወድቅ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ባዶ ጣሳ ሲወድቅ ግን ድምፁ ቀጭን ሆኖ ይንቋቋል። በደንብ የተገጠመ ነገር አንድ ጊዜ መትቶ ዝም ይላል፤ የላላ ነገር ግን ከተመታ በኋላም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የበሩ ድምፅ ወፍራም፥ አጭርና አንድ ወጥ ከሆነ ጆሯችን «ከባድና በደንብ የተገጠመ» ብሎ ይተረጕመዋል። ድምፁ ቀጭን ከሆነ፥ ወይም የቁልፉ ምትና የበሩ ምት ተለያይተው ሁለት ሆነው ከተሰሙ፥ ወይም ከኋላው መንኰሻኰሽ ከተከተለ «ርካሽ» ብሎ ይፈርዳል።

ይህን የጆሮ ፍርድ በቍጥር ለመለካት ብዙ ሊቃውንት ደክመዋል። ከነዚህም አንዱ በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ያስተማረው ኤበርሃርት ጽቪከር ነው። ድምፅ በመሣሪያ ሲለካ ያለው ኀይልና በሰው ጆሮ ሲሰማ ያለው ጩኸት አንድ ስላልሆኑ፥ ጩኸቱንና ስለታምነቱን ሰው እንደሚሰማው አድርጎ የማስላት ዘዴ አወጣ። ጩኸትን የማስላት ዘዴም እ.ኤ.አ. በ1975 በዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት መዝገብ ገባ። ዛሬ የመኪና ፋብሪካዎች ማስተጋባት በሌለበት ጸጥተኛ ክፍል በሩን እየዘጉ፥ በጆሮዎቹ ውስጥ ማይክሮፎን በተተከለበት ሰው ሠራሽ ራስ ድምፁን ይቀዳሉ። ከዚያም ሰዎችን ሰብስበው ቅጂዎቹን ሁለት ሁለቱን እያሰሙ «የትኛው የጠንካራ መኪና ይመስላል?» ብለው ይጠይቃሉ። እንደ መልሱም ጎማው ይለወጣል፥ ንጣፉ ይጨመራል፥ ቁልፉ ይለዝባል። የበር ድምፅ እንግዲህ በአጋጣሚ የሚገኝ ሳይሆን እንደ መኪናው ቀለም ታስቦበት የሚመረጥ ሆኗል።

ጆሮ ሌሎቹን የስሜት ሕዋሳት ምን ያህል እንደሚመራ የሚያስረዱ ሁለት ሙከራዎችን እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1998 በፊንላንድ አገር ቬይኮ ዮውስማኪና ሪታ ሃሪ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎች መዳፋቸውን እርስ በርሱ ሲያሹ የሚወጣውን ድምፅ ቀጭኑን ክፍል አጕልተው ለራሳቸው መልሰው አሰሟቸው። ሰዎቹም ቆዳቸው እንደ ወረቀት የደረቀ መስሎ ተሰማቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ማሲሚሊያኖ ዛምፒኒና ቻርልስ ስፔንስ የተባሉት፥ ሰዎች የድንች ጥብስ ሲነክሱ የሚሰማውን ድምፅ አጕልተው በጆሯቸው ቢያሰሙ፥ ያው አንዱ ጥብስ ይበልጥ ትኵስና የሚንኰሻኰሽ ሆኖ ተሰማቸው። ድንቹ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ድምፁ ብቻ ነው። የመኪናው በርም እንዲሁ ነው። ክብደቱ ሳይጨመር በድምፁ ብቻ የከበደ ሊመስለን ይችላል።

የምስክርነቱ ወሰን

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። የማሰሮው ድምፅ የሚወጣው ከራሱ ከሸክላው ነው። የመኪናው በር ድምፅ ግን በብዙው የሚወሰነው በጎማው፥ በንጣፉና በቁልፉ ልባስ ነው። ሌላ መኪና ከጎን ቢመታን የሚጠብቀን ደግሞ ሌላ ነው፤ ይኸውም በበሩ ውስጥ አግድም የተዘረጋው የብረት ወጋግራ፥ በሩ የተሰቀለበት ምሰሶ፥ የደኅንነት ቀበቶውና የአየር ከረጢቱ ነው። እነዚህ በበሩ መዘጋት ጊዜ ድምፅ የላቸውም፤ ጆሮ ስለ እነርሱ ሊመሰክር አይችልም።

ስለዚህም መንግሥታት የበርን ጥንካሬ በጆሮ አልመዘኑም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ፥ ስፋቱ 12 ኢንች በሆነ የብረት በርሜል በሩ ከውጭ በቀስታ እንዲገፋ ያዝዛል። በመጀመሪያዎቹ 6 ኢንቾች ውስጥ በሩ በአማካይ ቢያንስ የ2,250 ፓውንድ፥ ማለትም ከ1,000 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ክብደት የሚያህል ግፊት መቋቋም አለበት። በአውሮፓም ዩሮ ኤንካፕ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ መኪናዎችን ከፊትና ከጎን እያጋጨ ውጤታቸውን ለሕዝብ በግልጥ ያወጣል።

ይህን ስንል ግን ሠሪዎቹ ሁሉ አታላዮች ናቸው ማለታችን አይደለም። ድምፁን የሚያለዝበው ንጣፍ የመንገዱንም ሁካታ ይቀንሳል፤ ደኅና ጎማ ዝናብን ይከለክላል፤ በሩ በአንድ ምት እንዲዘጋም ማጠፊያው፥ ቁልፉና ጠርዙ በጥንቃቄ መገጠም አለባቸው። ድምፁ ስለ ሠሪው ጥንቃቄ ጥቂት ይነግረናል። ስሕተቱ የእኛ የገዢዎቹ ነው፤ ስለ ምቾት የተነገረንን ስለ ደኅንነት እንደ ተነገረን አድርገን እንቀበላለን።

ጆሯችንን በምን እንጠቀምበት?

ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው ጆሮ መልካም አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል፤ ይኸውም አንዱን መኪና ከሌላው ጋር ሲያስተያይ ሳይሆን፥ የአንዱን መኪና በሮች እርስ በርሳቸው ሲያስተያይ ነው። የፊቱን ከፊቱ፥ የኋላውን ከኋላው ጋር እያደረጋችሁ በአንድ ዐይነት ኀይል ዝጓቸው። የቀኙ በጸጥታ ተዘግቶ የግራው ቢንኳኳ ምክንያቱን ጠይቁ። ጎማው አርጅቶ ወይም ተቀዶ፥ ማጠፊያው ተበልቶ በሩ ዝቅ ብሎ፥ ወይም መኪናው ተጋጭቶ በባትላሜራ ተቃንቶና በስቱኮ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ጫፉን ወደ ላይ አንሡት፤ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ማጠፊያው ላልቷል። በበሩና በገላው መካከል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑን በዐይናችሁ ተከተሉ። በሩንም አንድ ጊዜ መስኮቱ ተዘግቶ፥ አንድ ጊዜ ተከፍቶ ሞክሩት፤ የአየሩ ግፊት ፍርዳችሁን እንዳያሳስተው።

ይህ ነገር በአገራችን ከቀድሞ ይልቅ አሁን ሊታሰብበት ይገባል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ብዙ ቤት እየገባ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሩ ስለማይጮኽ ቀድሞ በሞተር ድምፅ ተሸፍነው የነበሩት የበሩ፥ የወንበሩና የዳሽቦርዱ ጥቃቅን ድምፆች ጐልተው ይሰማሉ። ገዢውም በእነዚህ ይበልጥ ይፈርዳል፤ ሠሪውም ይህን ያውቃል።

ስለዚህ በሩ በጥሩ ድምፅ ቢዘጋ ደስ ይበላችሁ፤ ነገር ግን ገንዘባችሁን በዚያ ድምፅ ብቻ አትቍጠሩ። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት የዚያ ዐይነትና የዚያ ዓመት መኪና በግጭት ሙከራ ያገኘውን ውጤት ፈልጉ፤ የታመነ መካኒክ ፍሬኑን፥ መሪውንና ጎማዎቹን ይይላችሁ። በኋላ ወንበር ተቀምጣችሁም ልጆች የሚታሰሩበትን ቀበቶ አንድ በአንድ እየሳባችሁ እስከ መጨረሻው መውጣቱንና መልሶ መያዙን ሞክሩ።