ሥጋና ዓሣ ለሚያበዙ ሰዎች ስለ ፖታሲየምና ስለ ሰውነት ጨዎች ሚዛን

በዛሬው ጊዜ ጡንቻን ለማዳበር ወይም ውፍረትን ለመቀነስ ሲሉ እንጀራውን፥ ቆጮውንና ዳቦውን ትተው በሥጋ፥ በዓሣና በእንቁላል ብቻ ለመኖር የሚሞክሩ ወጣቶች እንዳሉ ሁላችንም እናያለን። በሐዋሳ ከተማ ይህን ዐይነት አመጋገብ መያዝ አያስቸግርም፤ ሐይቁ ቅርብ ነው፤ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያም ዓሣው በጥሬውም፥ በጥብሱም፥ በሾርባውም ይገኛል። ነገር ግን ይህን አመጋገብ ከጀመሩት መካከል አንዳንዶቹን በመጀመሪያው ሳምንት ራሳቸውን ያዞራቸዋል፤ ከተቀመጡበት ሲነሡ ዐይናቸው ጭልም ይልባቸዋል፤ ሌሊትም የባታቸው ጡንቻ እየተኮማተረ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳቸዋል። ወዲያውም «ፖታሲየም አንሶህ ነው» የሚል ምክር ይሰሙና ክኒን ፍለጋ ይወጣሉ። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው፥ አንደኛ ይህ ድካም ከምን እንደሚመጣ፥ ሁለተኛ ክኒኑ ማንን እንደሚጐዳ፥ ሦስተኛም ጕድለቱን ከገበታችን እንዴት መሙላት እንደሚቻል ነው።

ፖታሲየምን በ1807 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ ነው። ስሙም የመጣው ከአመድ ነው፤ ይኸውም የእንጨት አመድ በውሃ ተበጥብጦና ተጠልሎ ውሃው በድስት ሲንተከተክ ከሚቀረው ጨው ማለት ነው። ተክል ከአፈር የሚወስደው ፖታሲየም ሲቃጠል በአመዱ ውስጥ ይቀራል። እንሰት ተካዩ ገበሬ የቤቱን አመድና ፍግ በጓሮው ሲበትን፥ ስሙን ባያውቀውም፥ ይህንኑ ንጥረ ነገር ለተክሉ መመለሱ ነው።

በሰውነታችን ካለው ፖታሲየም ከመቶው 98 እጅ የሚሆነው የሚገኘው በሕዋሳት ውስጥ ነው። ሶዲየም ግን፥ ማለትም የገበታ ጨው አካል የሆነው ንጥረ ነገር፥ በአብዛኛው ከሕዋሳት ውጭ በደምና በሌላው ፈሳሽ ይኖራል። ይህን ልዩነት የሚጠብቅ በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ያለ መሣሪያ አለ፤ በየጊዜው 3 ሶዲየም ወደ ውጭ አውጥቶ 2 ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል። ይህን የገለጸው የዴንማርክ ሰው የንስ ስኩ ሲሆን፥ ሥራውን በ1957 እ.ኤ.አ. አሳትሞ በ1997 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍሎበታል። ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው፥ ጡንቻ የሚኮማተረው፥ ልብም በሥርዐት የሚመታው በዚህ ልዩነት ኀይል ነው። በደም ውስጥ የሚገኘው ፖታሲየም በአንድ ሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ገደማ ብቻ ነው። ወሰኑ ጠባብ ስለ ሆነ ማነሱም መብዛቱም ልብን ይነካል። ትርፉን በሽንት እያስወጣ ወሰኑን የሚጠብቀው ዋነኛው ዘበኛ ኩላሊት ነው።

እንግዲህ እንጀራውንና ቆጮውን የተወ ሰው ምን ያገኘዋል? በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው ስኳር ያልቃል፤ ከርሱ ጋር የተያዘውም ውሃ ይወጣል። ስታርች የበዛበት ምግብ ሲቀር ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት ኩላሊት ሶዲየምን ይለቃል፤ ውሃም ሶዲየምን ተከትሎ ይሄዳል። በመጀመሪያው ሳምንት በሚዛን ላይ የሚታየው የክብደት መቀነስ ስብ ሳይሆን በብዛት ውሃ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሶዲየም ሲጐድል ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ አልዶስትሮን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ይህም ኩላሊት ሶዲየሙን ይዞ በምትኩ ፖታሲየምን እንዲያስወጣ ያደርጋል። ስለዚህ የሶዲየም ጕድለት ፖታሲየምን ጐትቶ ያወጣዋል ማለት ነው። ፊተኛው ጕድለት ሳይሞላ የኋለኛውን ብቻ በክኒን ለመሙላት መሞከር ቀዳዳ እንስራ እንደ መሙላት ይቈጠራል።

በአገራችን አበሳሰል ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ጨውን በብዛት የምናገኘው ከወጡ ነው። ወጡን ትቶ የተቀቀለ እንቁላልና ያልጨው ዓሣ የሚበላ ሰው፥ ሳያስበው ጨውንም ትቶታል። በዚያ ላይ ኳስ ተጫውቶ ቢያልበው፥ በላብ የሚወጣው ሶዲየም ከፖታሲየሙ እጅግ ይበልጣል። የደም ግፊት፥ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ለሌለበት ሰው የመጀመሪያው መድኀኒት እንግዲህ መጠነኛ ጨው ያለበት የዓሣ ወይም የሥጋ ሾርባና በቂ ውሃ ነው። እንጀራውን ሳይተው ሥጋና ዓሣ የጨመረ ሰው ግን ይህ ችግር እምብዛም አያገኘውም።

አሁን ወደ ክኒኑ እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ለአንድ ዐዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 3,510 ሚሊግራም ፖታሲየም ከምግብ እንዲያገኝ መክሯል። በአሜሪካ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው ክኒን ግን እንደ ልማዱ ከ99 ሚሊግራም አይበልጥም፤ የቀኑን መጠን ለመሙላት ከ35 በላይ ክኒን ያስፈልጋል ማለት ነው። አንድ መካከለኛ አቮካዶ 700 ሚሊግራም ያህል ስላለው ሰባት ክኒን ይተካል። ሐኪም የሚያዘው ጠንከር ያለው ክኒን ደግሞ የጨጓራንና የአንጀትን ግድግዳ ሊያቈስል ይችላል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአንጀት ውስጥ እንዲሟሟ ተሸፍኖ የተሠራው የፖታሲየም ክኒን ቀጭን አንጀትን ማቍሰሉ ታውቆ ነበር። ከሁሉ የሚከፋው ግን ኩላሊቱ የታመመ ወይም እንደ ኤናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ያሉትን መድኀኒቶች የሚወስድ ሰው ክኒኑን በገዛ ፈቃዱ የዋጠ እንደ ሆነ ነው። ዘበኛው ስለ ደከመ ፖታሲየሙ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ልብም ያለ ማስጠንቀቂያ ሊቆም ይችላል።

ክኒን ለተዛባ ምግብ ካሳ እንደማይሆን ከውጭ አገር ታሪክ እንማራለን። በ1976 እና በ1977 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከእንስሳት ቆዳና ጅማት በሚወጣ ፕሮቲን የተሠራ ፈሳሽ ብቻ እየጠጡ ክብደት መቀነስ ፋሽን ሆኖ ነበር። ከጠጪዎቹ ከ50 የሚበልጡ ሰዎች መሞታቸው ተነገረ፤ ብዙዎቹም የሞቱት የልባቸው አመታት ተዛብቶ ነው። ከነርሱም የፖታሲየም ክኒን ይወስዱ የነበሩ ነበሩ።

የእኛ ገበታ ግን ሚዛኑን ከጥንት ጀምሮ ይዟል። በ100 ግራም የተቀቀለ ምስር 370 ሚሊግራም፥ ከነልጣጩ በተቀቀለ ድንች 380፥ በሙዝ 360 ያህል ፖታሲየም አለ፤ ዓሣውም ራሱ በ100 ግራም 300 ሚሊግራም ገደማ ይሰጣል። ክትፎ ከጐመንና ከቆጮ ጋር መቅረቡ፥ በሲዳማም ከእንሰት የሚዘጋጀው ዋሳ ከወተትና ከጐመን ጋር መበላቱ፥ አንዱ የጐደለውን ሌላው እንዲሞላ ያደርገዋል። የሁዳዴ ጾም 55 ቀን በሽሮ፥ በምስርና በጐመን ካለፈ በኋላ በፋሲካ ወደ ሥጋ የሚመለስ ሰውም ጐመኑን ከሥጋው አጠገብ ቢያቈየው ይጠቀማል። ፖታሲየም በውሃ የሚሟሟ ስለ ሆነ፥ ጤነኛ ሰው ድንችና ጐመን የተቀቀለበትን ውሃ ሳይደፋ ለወጡ ያውለው። የኩላሊት ሕመምተኛ ግን ሐኪሙ እንዳዘዘው ይህንኑ ውሃ መድፋት ያስፈልገው ይሆናል።

ተቅማጥ ለያዘው ሰው ነገሩ ሌላ ነው። በአገራችን ብዙ ሰው «ለምለም» ብሎ የሚያውቀው ዱቄት፥ በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር መሠረት፥ በአንድ ሊትር ውሃ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፥ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ፥ 2.9 ግራም ሲትሬትና 13.5 ግራም ግሉኮስ አለው። ሶዲየሙና ፖታሲየሙ አብረው የገቡት ሁለቱም አብረው ስለሚጠፉ ነው። የልቡ ምት የተዛባበት፥ ድካሙ የጠናበት ወይም ማስመለስ ያላቆመለት ሰው ግን ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ ደሙን ያስመርምር፤ ፖታሲየም ማነሱንም ሆነ መብዛቱን የሚለየው የደም ምርመራ እንጂ ግምት አይደለምና።

በመጨረሻ ለሳይንስ ተማሪ ጓደኞቻችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። በሐዋሳ ቤቶች የሚበላው ዋሳ፥ ጐመንና ቆሮሶ ሲቀቀል ምን ያህሉ ፖታሲየም በውሃው ውስጥ እንደሚቀር በቤተ ሙከራ መለካት ለአንድ ተማሪ የማይከብድ ሥራ ነው፤ ውጤቱም ለጤነኛውም ለሕመምተኛውም ይጠቅማል። እስከዚያው ድረስ ምክራችን አጭር ነው፤ ሥጋውንና ዓሣውን የሚያበዛ ሰው ጐመኑን፥ ምስሩንና ሾርባውን አይተው፤ ክኒኑንም ሐኪም ሳያዝ አይዋጥ።