ያውቁ ኖሯል? ከማስታገሻው ክኒን ጀርባ

ኮዴይን ብቻውን ሕመም የማስታገስ አቅሙ አነስተኛ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ጉልበት የሚያገኘው ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ይህን ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን አንዳንዱ ሰው ላይ ተደራርቦ ይገኛል። ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የተደራረበ ጂን ነበራቸው። በሰሜን አውሮፓ ግን ከመቶ ሰው አንድ ሁለት ቢገኝ ነው። ስለዚህ ስዊድናዊውን በልኩ የሚያሳርፍ ክኒን የእኛን ሰው ትንፋሹን እስከማዳከም ሊደርስ ይችላል። የምታጠባ እናት ከወሰደችውም ሞርፊኑ በወተቷ ወደ ልጇ ያልፋል። የኢትዮጵያ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይንን የከለከለው ለዚህ ነው። በሌላ አገር ሰው የተለካ መድኃኒት ለእኛ በልክ ላይሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ትራማዶል የተባለው ማስታገሻም በዚያው ኢንዛይም በኩል ስለሚያልፍ፣ “ትንሿም ትበዛብኛለች” የሚል ሕመምተኛ ሊታመን ይገባዋል።

ትራማዶል ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በውድድር ወቅት ለአትሌቶች የተከለከለ መሆኑንስ? በማለዳ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚሮጡ ወጣቶች ሁሉ ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አልተከለከሉም፤ ያልተከለከለ ማለት ግን የማይጎዳ ማለት አይደለም። ላብ ወጥቶ የሰውነት ውኃ ሲጎድል፣ ኩላሊት የደም ሥሩን ከፍቶ የሚያቆየው ፕሮስታግላንዲን በተባለ ንጥረ ነገር ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የሚያግዱትም ያንኑ ነው። ጉልበት እንዳያም ብሎ ከረጅም ሩጫ በፊት መዋጥ ኩላሊትን በጭንቅ ሰዓቱ ያለ ረዳት ያስቀረዋል።

በሕንድና በፓኪስታን ጥንብ አንሳዎች እንዲያልቁ ያደረገው ይኸው ዳይክሎፌናክ ነው። ለከብት ይሰጥ ነበር፤ ከብቱ ሲሞት ሥጋውን የበሉት አሞሮች ኩላሊታቸው እየተበላሸ ረገፉ። ሕንድ ለእንስሳት እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2006 አገደችው።

“መርፌ ስለሆነ ጨጓራ አይነካም” ሲባል ሰምተዋል? ቡራዩም ሆነ ሰበታ ሰው ይህን አምኖ ይወጋል። ዳይክሎፌናክ በመርፌም ይግባ በአፍ፣ በደም ዞሮ የጨጓራን መከላከያ ያሳሳል፤ ቁስለትና መድማት ያመጣል። ጾመኛ ሆኖ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆድ ክኒኑን የሚውጥ ሰው ማቃጠሉን ቶሎ ያውቀዋል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ግፊቱ ሊጨምርበት፣ ነፍሰ ጡርም ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የፅንሱ ኩላሊት ሊጎዳባት ስለሚችል ሳያማክሩ መውሰድ የለባቸውም።

የአስፕሪን ታሪክ የሚጀምረው ከአኻያ ዛፍ ነው፤ በየወንዛችን ዳር የሚበቅለው የዚሁ ወገን ነው። ፌሊክስ ሆፍማን በባየር ኩባንያ ንጹሑን ቅመም እ.ኤ.አ. በ1897 ሠራው። ኢንፍሉዌንዛ ወይም ጉድፍ ለያዘው ልጅ ግን አይሰጥም፤ አንጎልና ጉበትን የሚያጠቃ ሬይ ሲንድሮም የተባለ በሽታ ሊያስከትል ይችላል።

ራስ ምታትን ለማስታገስ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ክኒን መዋጥ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ታይለኖል ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ፓራሲታሞል መሆኑንስ? ሁለቱን ደርቦ፣ በላዩ ላይ ፓራሲታሞል ያለበት የጉንፋን ክኒን የጨመረ ሰው አንዱን መድኃኒት ሦስት ጊዜ ወሰደ ማለት ነው። ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን ማለፍ የለበትም፤ አዘውትሮ ለሚጠጣ ወይም ምግብ ላጣ ሰው ከዚያም ያነሰ ነው። የሚያስፈራው ጉበቱ እየተጎዳ ሰውየው በመጀመሪያው ቀን ደህና መስሎ መዋሉ ነው። ማርከሻው አሴቲልሲስቴን በደንብ የሚሠራው ከተዋጠ በ8 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው። ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ ተነስቶ ትልቅ ሆስፒታል እስኪደረስ በመንገድ የሚያልፈው ጊዜም ከዚሁ ላይ ይቀነሳል፤ ስለዚህ ሕመሙ እስኪሰማ አይጠበቅም፣ የክኒኑ መጠቅለያም አብሮ ይያዝ።