ስለ ወንድነትና ስለ ሴትነት፥ በአሳብም ስለ መለያየት የተጻፈ ሐተታ

ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 1 ቍጥር 27 እግዚአብሔር ሰውን ወንድና ሴት አድርጎ እንደ ፈጠረው ትናገራለች። ጌታም ፈሪሳውያን ስለ ፍቺ በጠየቁት ጊዜ ይህንኑ አጸና (ማቴ. 19፥4)። ስለ ምን ቢሉ፥ ጋብቻ በተፈጥሮ ላይ የተመሠረተ ሥርዓት መሆኑን ለማስረዳት ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ወንድነትና ሴትነት ከአካል ጋራ የተሰጠ ነው ብላ ታስተምራለች።

ዳግመኛ በዚያው ምዕራፍ በቍጥር 12 ከእናታቸው ማኅፀን ጃንደረባ ሆነው የሚወለዱ እንዳሉ ተናገረ። ይህን ማንሣቱ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ጋብቻ ለሁሉ ግዴታ እንዳይደለ ለማስረዳት ነው። አንድም፥ አካላቸው እንደ ብዙዎቹ ያልሆነ ሰዎችም የእግዚአብሔር ፍጥረት መሆናቸውን ለማሳየት ነው። የሕንደኬ ጃንደረባ በፊልጶስ እጅ ተጠምቆአልና (ግብ. ሐዋ. 8) እንዲህ ያለውን ሰው መናቅ አይገባም።

ነገር ግን ተፈጥሮ ሌላ፥ ልማድ ሌላ ነው። በቦረናና በሳይንት ደጋ ሞፈር መያዝ የወንድ፥ እህል መፍጨት የሴት ሥራ ሲባል ኖሮአል። ይህን የወሰነው የአገር ልማድ ነው እንጂ ኦሪት አይደለችም። ዲቦራ በእስራኤል ላይ ፈራጅ ነበረች (መሳ. 4)። በወሎም ወይዘሮ ወርቂት ጭፍራ አሰልፈው አገር ገዝተዋል፤ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ባመለጡ ጊዜ በእርሳቸው አገር አልፈው ወደ ሸዋ ገብተዋል። እንግዲህ ሴት ልትገዛ አይቻላትም የሚል ሰው ልማድን ከተፈጥሮ ጋራ ቀላቀለ።

በዚህ የማይስማማ፥ የጳውሎስን መልእክት ጠቅሶ የሚከራከር አይታጣም (1ጢሞ. 2)። በወዲያኛውም ወገን፥ ወንድነትና ሴትነት በልብ እንጂ በአካል አይታወቅም የሚሉ በዘመናችን ተነሥተዋል። ለሁለቱም ምን ይገባቸዋል ቢሉ፥ መልስ ይገባቸዋል፤ ዱላና ስደት ግን አይገባቸውም።

ለዚህም ምስክሩ ሩቅ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የሦስት ልደት ባህል እንዲወገዝ፥ የወሎ እስላሞችም እንዲጠመቁ አዘዙ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሌሎች ግን ሸሹ፥ ሸፈቱም። እስልምናም ከወሎ አልጠፋም፤ ክርስቲያኑና እስላሙ እስከ ዛሬ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ። ትእዛዝ አፍን ይዘጋ ይሆናል፥ ልብን ግን አያሳምንም።

የመጻሕፍት መምህራን አንድም እያሉ ብዙውን ትርጓሜ ጎን ለጎን ማኖራቸው ተማሪው መዝኖ እንዲረዳ ነው። ካህን የሚያምነውን ሳይሸሽግ ያስተምር፤ መኰንንም የማይስማማውን ሰው ስለ አሳቡ አይቅጣው። መካነ ሰላም ማለት የሰላም ስፍራ ማለት ነውና፥ ስሟ በከንቱ እንዳይቀር ክርክሩ በቃል ይሁን፥ በሰይፍ አይሁን።