የፔኒሲሊን ምርት እንዴት በዛ?

ጠላ ስትጠምቅ የኖረች እናት አንድ ነገር ጠንቅቃ ታውቃለች። ብቅሉና ጌሾው ያው ሆኖ ሳለ ጋኑ በደንብ ካልታጠነ፥ ቤቱም ከቀዘቀዘ ጥንስሱ እንዳሰበችው አይሆንላትም። በዓይን የማይታዩት ፍጥረታት ሥራቸውን የሚሠሩት ምግባቸውና ማደሪያቸው ሲስማማቸው ነውና። ዛሬ ለአንባቢያን የምናቀርበው የፔኒሲሊን ታሪክም በዚሁ እውነት ላይ የቆመ ነው።

ሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ይህን ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት ከሻጋታ ያገኙት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ዓ. ም. ለንደን ውስጥ ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ነገር ግን ሻጋታው ካደገበት ፈሳሽ ከአንድ ሊትር የሚገኘው ፔኒሲሊን ሁለት ሚሊግራም እንኳ የማይሞላ ነበር።

የዚህ ማነስ ምን ያህል መራራ እንደ ሆነ በ1941 ዓ. ም. በኦክስፎርድ ታየ። አልበርት አሌክሳንደር የተባለ ፖሊስ ፊቱ መርቅዞ ሊሞት በተቃረበ ጊዜ የፕሮፌሰር ፍሎሪ ባልደረቦች ፔኒሲሊን ወጉት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ትኩሳቱ በረደ፤ ምግብም መቅመስ ጀመረ። ወዲያው ግን መድኃኒቱ አለቀ። ከሽንቱ እያጣሩ መልሰው እስከ መውጋት ቢደርሱም አልበቃም፤ ሰውዬው ሞተ።

ፍሎሪና ረዳታቸው ኖርማን ሂትሊ በዚያው ዓመት አሜሪካ ተሻግረው ፒዮሪያ በምትባል ከተማ ከሚገኘው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሥራ በሦስት ነገር ይጠቃለላል።

መጀመሪያ ምግቡ ተለወጠ። ከበቆሎ ስታርች ሲወጣ የሚተርፈው ዝፍዝፍ ለሻጋታው እጅግ ተስማማው። ሞየር የተባሉት ተመራማሪ ደግሞ በወተት ውስጥ የሚገኘውን ላክቶስ የተባለ ስኳር ሰጡት። ሻጋታ ግሉኮስ በገፍ ሲያገኝ ሰውነቱን ያፋፋል እንጂ ፔኒሲሊን ብዙም አያመነጭም፤ ላክቶስን ግን ቀስ እያለ ስለሚበላ መድኃኒቱን ይሰጣል።

ሁለተኛው ማደሪያው ነው። በኦክስፎርድ የሕሙማን ፖፖ ሳይቀር ለማብቀያ ያገለግል ነበር፤ ሻጋታውም በፈሳሹ ገጽ ላይ ብቻ ይበቅል ነበር። በኋላ ግን ንጹሕ አየር እየተነፋበት በሚማሰል ትልቅ በርሜል ውስጥ ከላይ እስከ ታች እንዲያድግ ተደረገ።

ሦስተኛው ዘሩ ነው። በ1943 ዓ. ም. ከፒዮሪያ ገበያ ከተገኘ የሻገተ ሜሎን የተሻለ ዝርያ ወጣ። ሊቃውንቱም ገበሬ ምርጡን ዛላ ለዘር እንደሚያስቀር፥ ሻጋታውን በራጅና በአልትራቫዮሌት ጨረር እየመቱ ከተለወጡት መካከል አብልጦ የሚያመርተውን እየመረጡ አራቡ።

በ1944 ዓ. ም. የኖርማንዲ ጦርነት ሲጀመር ለቁስለኞች የሚበቃ ፔኒሲሊን ተዘጋጅቶ ነበር። ዛሬ ከአንድ ሊትር ከ40 ግራም በላይ ይገኛል።

የ1945 ዓ. ም. የኖቤል ሽልማት ለፍሌሚንግ፥ ለፍሎሪና ለቼይን ተሰጠ። ሂትሊና ሞየር ከተሸላሚዎቹ መካከል አልነበሩም። ሆኖም የመድኃኒቱ ዕውቀት እያለ መድኃኒቱ በማነሱ ሰው እንዳይሞት ያደረገው፥ በርሜልና ዝፍዝፍ ሲመረምሩ የከረሙት ሰዎች ድካም ነው። በላቦራቶሪም ሆነ በጽሕፈት ቤት ሥራ የጀመርን ወጣቶች፥ የተገኘውን አብዝቶ ለሁሉ ማዳረስ ከማግኘት ያላነሰ ሥራ መሆኑን ልንዘነጋ አይገባንም።