ልጅዎ «ቪዲዮ ልማር» ሲልዎት

የ12ኛ ክፍል ፈተና አልቆ ውጤት በሚጠበቅባቸው ሳምንታት በየቤቱ ስለ ቀጣዩ ትምህርት ክርክር ይነሳል። ዛሬ ዛሬ ከሚሰሙት ጥያቄዎች አንዱ «ኮሌጅ ገብቼ ቪዲዮ ፕሮዳክሽንና ኤዲቲንግ ልማር» የሚለው ነው። አባት «እሱን ከዩቲዩብ በነፃ አይደል እንዴ የሚማሩት?» ይላል። እናትን ደግሞ ከትምህርት ክፍያው ይልቅ አብሮ የሚመጣው የኮምፒውተርና የካሜራ ዋጋ ያሳስባታል። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ለመመለስ ግን እንዲህ ባለው ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከአባትየው ጥያቄ እንጀምር። የኤዲቲንግ ሶፍትዌር አጠቃቀምን ከዩቲዩብ መማር ይቻላል። ፕሪሚየርም ሆነ ዳቪንቺ ሪዞልቭ፣ መሠረታዊ ነገራቸው በጥቂት ሳምንታት ልምምድ ይያዛል። ኮሌጁ የሚያስከፍልዎት ይህን ብቻ ለማስተማር ከሆነ ገንዘብዎን አያውጡ። ጥሩ ክፍል የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደሚቀረፅና ምን እንደሚጣል የመወሰን ችሎታ።

ካሜራው ከመነሳቱ በፊት

ለዚህ ነው ጥሩ መምህር ትምህርቱን በወረቀት የሚጀምረው። ተማሪው ሊሠራ ያሰበውን ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ከዚያ ስክሪፕቱን፣ ቀጥሎም የሚቀረፁትን ሾቶች ዝርዝር ያዘጋጃል። ካሜራው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሲመጣም የእያንዳንዱን ቁልፍ ምክንያት ይዞ ይመጣል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቤት ውስጥ በስልክ በቀረፁት ቪዲዮ ላይ መብራቱ ሲርገበገብ አይተው ይሆናል። የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላሉ። ዓይናችን አያስተውለውም፤ ካሜራው ግን ሊይዘው ይችላል። በሰከንድ 25 ምስል፣ የሹተር ፍጥነቱም 1/50 ሲሆን ችግሩ በአብዛኛው ይጠፋል። ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምረው አሜሪካዊ ግን አገሩ 60 ኸርዝ ነውና «30 እና 1/60 አድርጉት» ሊል ይችላል። ምክንያቱን ያልተማረ ልጅ ቁጥሩን ይገለብጣል፤ መብራቱም ይርገበገብበታል።

ድምፅም እንዲሁ ነው። ተመልካች ትንሽ የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም። ስለዚህ ተማሪዎች ማይክሮፎኑን ወደ ተናጋሪው ማስጠጋት፣ የሚያጓራውን ፍሪጅ ለጊዜው መንቀል፣ ቃለ መጠይቁ ሲያልቅም ማንም ሳይናገር የክፍሉን ፀጥታ ለ30 ሰከንድ መቅዳት ይለማመዳሉ። ንግግር ሲቆረጥ የሚፈጠረው ክፍተት የሚሞላው በዚያ ፀጥታ ነው።

መቁረጥ መምረጥ ነው

ከ100 ዓመት ገደማ በፊት ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ ሩሲያዊ የፊልም መምህር የአንድን ተዋናይ ፊት ከሾርባ ሳህን፣ ከሬሳ ሣጥንና ከሴት ምስል ጋር በየተራ ቀጠለው። እንደሚነገረው ተመልካቾቹ በፊቱ ላይ ረሃብ፣ ሐዘንና ፍቅር አነበቡ፤ ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነበር። ይህን ልምምድ በገዛ እጁ የሠራ ተማሪ ትርጉም የሚፈጠረው ሁለት ምስሎች ሲገናኙ መሆኑን ይረዳል። አንድ ሰው ያላለውን እንዳለ አስመስሎ መቁረጥ ምን ያህል ቀላል እንደሆነም ያያል። በየስልካችን የተቆራረጠ ንግግር በሚዘዋወርበት በዚህ ጊዜ ይህን የሚያውቅ ልጅ በቤት ውስጥ መኖሩ ለመላው ቤተሰብ ይጠቅማል።

ምርጫው ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የሚያሳይ አንድ ታዋቂ ምሳሌ አለ። በ1979 እ.ኤ.አ. ለእይታ የበቃው «አፖካሊፕስ ናው» የተሰኘው ፊልም ከኤዲተሮቹ አንዱ የነበረው ዋልተር መርች እንደጻፈው፣ ከ230 ሰዓት በላይ ከሆነ ቀረፃ የቀረው 2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነበር። ልጅዎ በክፍል ውስጥ የሚሠራው ያንኑ በትንሹ ነው፤ 40 ደቂቃ ቀርፆ 3 ደቂቃ ማስቀረት። ከዚያ ሥራው በጓደኞቹ ፊት ይታያል። አንዱ «እዚህ ጋ ሰለቸኝ» ይለዋል፤ ሌላዋ «ሰውየው ማን እንደሆኑ አልገባኝም» ትለዋለች። ተማሪው ተመልሶ ያስተካክላል፤ እንደገናም ያሳያል። ዩቲዩብ ላይ ብቻውን የሚማር ልጅ የሚያጣው ይህንን ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ

እንግዲህ ለምዝገባ ሲሄዱ ከሚያብረቀርቀው ስቱዲዮ ይልቅ እነዚህን ያጣሩ። አንድ ካሜራ ለስንት ተማሪ ይደርሳል? የኮምፒውተር ክፍሉ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ክፍት ነው? መብራት ሲጠፋስ ምን ይደረጋል? መምህሩ ራሱ የሠራው ሥራ አለ? ያለፈው ዓመት ተማሪዎች የሠሩትን የመመረቂያ ቪዲዮ ማየት ይቻላል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ቀጣሪም ሆነ ደንበኛ ከሰርተፊኬቱ ይልቅ የተሠራውን ሥራ ማየት ይፈልጋልና።

ስለ ቅጂ መብትም ይጠይቁ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቁ ናቸው። የሰው ዘፈን ያለ ፈቃድ ማስታወቂያ ላይ መለጠፍ እንደማይቻል ያልተነገረው ተመራቂ በመጀመሪያ ሥራው ላይ ከባድ ችግር ሊገጥመው ይችላል።

አሁን ወደ እናትየው ጥያቄ እንመለስ። ካሜራ አሁን አይግዙ፤ ለመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት የኮሌጁ ካሜራና ጥሩ ስልክ ይበቃሉ። የዳቪንቺ ሪዞልቭ መነሻ ሶፍትዌር በነፃ የሚገኝ ነው። ኮምፒውተሩ ደከም ያለ ቢሆንም ቪዲዮውን ወደ ቀለል ያለ ቅጂ ቀይሮ መሥራት ይቻላል። መጀመሪያ ሊገዛ የሚገባው ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ነው፤ ቢቻል ሁለት። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርፅ ካሜራ በ1 ሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው የሰው ሠርግ ደግሞ እንደጠፋ ይቆጠራል።

ስለ ገቢው እውነቱን መነጋገርም ይገባል። ሠርግ፣ ማስታወቂያ፣ የድርጅቶች ዘጋቢ ፊልም፣ የቴሌቪዥንና የማኅበራዊ ሚዲያ ሥራ አለ፤ ነገር ግን ብዙው እንደ ወር ደመወዝ ቀን ቆጥሮ አይመጣም። በሠርግ ወቅት ያገኙትን ለጾም ወራት ማቆየት የሙያው አካል ነው።

የቤት ፈተና

ከምዝገባው በፊት አንድ ነገር ያድርጉ። ለልጅዎ የሁለት ሳምንት ሥራ ይስጡት፤ አያቱ ወደዚህ ከተማ እንዴት እንደመጡ እንዲጠይቃቸውና ግማሽ ሰዓት ቀርፆ 3 ደቂቃ አድርጎ እንዲያሳያችሁ። ስልክና ነፃ ሶፍትዌር ይበቁታል። ሥራውን ሲያዩ ውበቱን አይፈልጉ፤ የመጀመሪያ ነውና አያምርም። ይልቅስ «የመጨረሻው አልገባኝም» ይበሉትና ምን እንደሚያደርግ ይመልከቱ። ተናዶ ከተወው፣ ፍላጎቱ ካሜራ መያዙ ላይ ብቻ ሊሆን ስለሚችል አንድ ዓመት መቆየት ይሻላል። ማታ ተመልሶ ለአምስተኛ ጊዜ ሲቆርጥና ሲቀጥል ካገኙት ግን የኮሌጁን ክፍያ ማሰብ ይጀምሩ። በሁለቱም መንገድ አያትየው በገዛ ድምፃቸው የተናገሩት ታሪክ በቤታችሁ ይቀራል፤ እሱንም ሁለት ቦታ ያስቀምጡት።