ተጨማሪ መረጃ፦ አየር የማይሞላ ጎማ

የፈረንሳዩ ጎማ አምራች ሚሽሊን በ2005 እ.ኤ.አ. «ትዊል»ን፣ በ2019 ደግሞ ከጀነራል ሞተርስ ጋር «አፕቲስ»ን አስተዋወቀ። በእነዚህ ጎማዎች ውስጥ የተሽከርካሪውን ክብደት የሚሸከሙት በቸርኬውና መንገዱን በሚነካው ክፍል መካከል የተደረደሩ ተጣጣፊ ድጋፎች ናቸው። ስለዚህ ጎማውን ምስማር ቢወጋው አይተነፍስም፤ ነፋስ ማስለካትም ይቀራል። ጎማ በጉዞ ላይ ፈንድቶ የሚደርሰውን አደጋ ላሰበ፣ ይህ ብቻውን ትልቅ ጥቅም ነው።

ችግሩ የሚጎላው ፍጥነት ሲጨምር ነው። ድጋፎቹ በየዙሩ ሲታጠፉና ሲዘረጉ ሊግሉ፣ ንዝረትና ጩኸትም ሊፈጥሩ ይችላሉ። ክፍተታቸው ውስጥ ጭቃና ጠጠር ከተጠቀጠቀ የጎማው ሚዛን ይዛባል። ጭነት ሲበዛ እንደ ተራው ጎማ ነፋስ ጨምሮ ማጠንከር አይቻልም። በዚህም የተነሳ ትዊል ገበያ ያገኘው በአብዛኛው በዝግታ በሚሄዱ የግንባታ ማሽኖችና የሣር ማጨጃዎች ላይ ነው።